«ሃንዲካፔን 12 አስገባለሁ ብዬ መጥፎ ካርዶቼን መደበቅ ጀመርኩ»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዕድሜዬ 47 ነው። ሰንጋ ተራ በሚገኝ አንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ቤቴ ከለገሃር ብዙ አይርቅም። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጎልፍ መጫወት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሰው እንደሚያስበው ለታይታ አይደለም። አባቴ በጃንሆይ ዘመን፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ካዲ ነበሩ። የፈረንጆችንና የትልልቅ ሰዎችን ዱላ ተሸክመው ቀኑን ሙሉ ይውሉ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ኳስ የሚመቱት ግን ጨዋታው አልቆ ሰው ሁሉ ሲሄድ ብቻ ነበር። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ ገዝቼ ቤት ስገባ እንባ ተናነቃቸው። አሁን 76 ዓመታቸው ነው፤ ጤናቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ከሜዳ በተመለስኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዛሬ ስንት መታህ?»

ባለፈው መስከረም ሃንዲካፔ፣ ማለትም የተጫዋችን ደረጃ የሚያሳየውና ዝቅ ሲል የሚሻለው ቁጥር፣ 24 ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ምሳ ላይ ሆነን ሞቅ ብሎኝ «እስከሚመጣው መስከረም ሃንዲካፔን 12 ካላስገባሁ ስሜን ቀይሩት» አልኳቸው። ያው ለአባቴም ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደልኝ፤ እስከ ገና ድረስ 21 ገባሁ። ከዚያ ቆመ። አዲስ ድራይቨር (ኳስ አርቆ የሚመታ ዱላ) ከዱባይ አስመጣሁ። ከሥራ ስወጣ ወደ ድሮው ኤርፖርት እየሮጥኩ እስኪመሽ ኳስ እመታለሁ። ቅዳሜም እሑድም ሜዳ ነኝ። ወገቤ ያመኛል። ቁጥሩ ግን አልነቃነቅ አለ። ባለቤቴ «ልጅህ የ12ኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ነው፤ አንተ የምታስበው ስለ 12 ቁጥር ነው» ትለኛለች። ልክ ናት፤ ግን እልህ ይዞኛል።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ከፋሲካ ወዲህ መጥፎ የተጫወትኩባቸውን የውጤት ካርዶች ማስገባት ትቻለሁ። በወረቀት 19 ሆኛለሁ፤ ጓደኞቼም «በርታ፣ እየቀረብክ ነው» ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ካዲዬ፣ ገና ወጣት ልጅ ነው፣ «ጋሼ፣ ይቺን ካርድ አናስገባትም እንዴ?» አለኝ። «ትቆይ» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ቦርሳዬን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግቤን ልተወው? ወይስ እስከ መስከረም ልግፋበት? አባቴንስ ምን ልበላቸው?

ወንድማችሁ፣ ከለገሃር

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የካዲው ጥያቄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የልጁን ጥያቄ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈው ነበር። አንተ እንቅልፍ አጣህበት። ለምን ይመስልሃል? እኔ እንደሚመስለኝ ያ ልጅ የተሸከመው ቦርሳ አባትህ በልጅነታቸው የተሸከሙት ዓይነት ቦርሳ ስለሆነ ነው። የዋሸኸው ለአባትህ የመሰለህ ይመስለኛል። ይህ የሚያሳፍር ብቻ አይደለም። ጨዋታውን ምን ያህል በቁም ነገር እንደያዝከው፣ አባትህንም ምን ያህል እንደምትወድ ያሳያል። ስለዚህ ራስህን አትርገም። የተበላሸው የሚስተካከል ነው፤ ይልቅ ቶሎ እናስተካክለው።

በካርዶቹ ልጀምር፤ እነሱ ካልተፈቱ ሌላው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም። ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ታውቅ ይሆናል፤ ቢሆንም አብረን እንየው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የዓለም የሃንዲካፕ ሥርዓት ከመጨረሻዎቹ 20 ካርዶችህ ምርጥ 8ቱ ተወስደው አማካያቸው ይሰላል። መጥፎ ካርድ ብዙውን ጊዜ ከ8ቱ ውስጥ አይገባም። ታዲያ መደበቁ የጠቀመህ በምንድን ነው? አዲስ ካርድ ሲገባ የቆየው ይወጣል። አንተ አዲሶቹን ስትደብቅ፣ እስከ ገና ድረስ በደንብ የተጫወትክባቸው የድሮ ካርዶች ሳይወጡ ቀሩ። ያ 19 የጥሩ ቀኖችህ ብቻ ቁጥር ነው እንጂ የዛሬው አንተ አይደለም። የተደበቁት ሲገቡ ቁጥሩ ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ከፍ ይል ይሆናል። ይኸው ነው። ለዚህች ስትል እንቅልፍህን አትስጥ።

ደግሞ አንድ ጉድጓድ ላይ ስለተበላሸብህ ካርዱ በሙሉ የሞተ ይመስልህ ይሆናል። አይደለም። ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጣሪያ አለው፦ ፓር (ለጉድጓዱ የተመደበው የምት ብዛት)፣ ሲደመር ሁለት፣ ሲደመር በዚያ ጉድጓድ ላይ በሃንዲካፕህ የሚሰጥህ ምት። ሃንዲካፑ 20 አካባቢ የሆነ ሰው በአብዛኞቹ ጉድጓዶች ላይ አንድ ምት ይሰጠዋል። ስለዚህ ፓር 4 ላይ 10 ብትመታ እንኳ ለስሌቱ የሚያዝብህ 7 ነው። ሥርዓቱ መጥፎ ቀን እንዳለ ያውቃል፤ ለዚያም ቦታ ትቶለታል። የምትደብቅበት ምክንያት የለህም።

ሌላም አስብ። ከሌላ ሰው ጋር ተጣምረህ ውድድር ስትገባ፣ በሐሰት ዝቅ ያለ ሃንዲካፕ የሚገባህን ምት ያስቀርብሃል። ዕዳውን አብሮህ የሚጫወተው ሰው ይከፍላል። ይህንን አንተ እንደማትፈልገው ከደብዳቤህ ይገባኛል።

እንግዲህ ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት የክለባችሁን ሃንዲካፕ ወደሚይዘው ሰው ሂድ። ብዙ ማብራራት አይጠበቅብህም። «ከፋሲካ ወዲህ ያላስገባኋቸው ካርዶች አሉ፤ ይኸው» በለው። የጠፋብህ ካለ የምታስታውሰውን ቀንና ውጤት ንገረውና እሱ እንደ ደንቡ ይወስን። ከዚያ ካዲህን ሳታገኝ አትመለስ። «ያቺ ካርድ ገብታለች፤ በመጠየቅህ አመሰግናለሁ» ብትለው ይበቃል። ይህን የምልህ ለአንተ ሰላም ብቻ ብዬ አይደለም። ልጁ ገና ወጣት ነው፤ ታላቁ የሚሆነውን ሰው ጠይቆ ሳይመለስለት ሄዷል። በሌላ ቀን ሌላ ሰው ሲጠይቅ ድምፁ እንዳይቀንስ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ግቡ እንምጣ። 12 መመኘትህን እወደዋለሁ። ትልቅ መመኘት ነውር የለበትም። የሚከብደኝ ሁለት ነገር ነው፦ የተመኘኸው በእጅህ ያለ ነገር አለመሆኑና ቀነ ገደቡ።

ሃንዲካፕ እንደ ደም ግፊት ነው። ግፊት በትእዛዝ አይወርድም። ጨው ትቀንሳለህ፣ ትራመዳለህ፣ ከዚያ ትለካለህ። አንተ ስምንት ወር ሙሉ ያየኸው መለኪያውን ነው። ቁጥሩን ደግሞ ከመጠኑ አንጻር እየው። ከ24 ወደ 12 መውረድ ማለት በ18 ጉድጓድ 12 ምት መቀነስ ነው፤ በየሦስት ጉድጓዱ ሁለት ምት። ያውም በአንድ ጥሩ ቀን አይደለም፣ በስምንት ካርድ አማካይ ነው። ሥራ ለሚሠራና ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ በአንድ ዓመት በጣም ከባድ ነው። 21 ላይ መድረስህ ራሱ የሚያኮራ ነበር። ደስ ሳይልህ አለፍከው።

ቀነ ገደቡን ደግሞ ተመልከተው። መስከረም አልክ። ከመስከረም በፊት ያሉት ወራት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። የአዲስ አበባ ክረምት! ሣሩ ይረዝማል፣ መሬቱ ይጨቀያል፣ ኳሷ የወደቀችበት ትቀራለች እንጂ አትንከባለልም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል። ከዓመቱ ሁሉ ውጤትህን ለማሻሻል የሚከብድህን ጊዜ መርጠህ የመጨረሻው መስመር አደረግከው። አዲስ ዓመትን ማሰብህ ይገባኛል፤ ሁላችንም እንዲያ ነን። ጎልፉ ግን የራሱ ወቅት አለው። ቀኑን ወደ በጋ አዙረው። ክረምቱን የመማሪያ ጊዜ አድርገው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ካርድ ሰብስብ፤ ጥር መጨረሻ ላይ 18 ለመግባት ሞክር። ለምን 18? በፓር 72 ሜዳ ላይ በየጉድጓዱ ቦጊ (ከፓር አንድ ምት በላይ) ከመታህ 90 ይመጣል፤ 18 ሃንዲካፕ በግምት ይኸው ነው። ከዛሬው ቦታህ ጥቂት ደብል ቦጊዎችን ብቻ ቦጊ ማድረግ ነው የሚጠበቅብህ። ተአምራዊ ምት አያስፈልግህም። 12ን አልሰረዝኩብህም፤ ከ18 በኋላ እንነጋገርበታለን።

ድራይቨሩን በተመለከተ ልትከፋብኝ ትችላለህ፤ ግን እኔ ብሆን ጠባብ ጉድጓዶች ላይ ከቦርሳው አላወጣውም ነበር። በአንተ ደረጃ ያለን ሰው ካርድ የሚያበላሸው የርቀት ማነስ ሳይሆን የጠፋ ኳስና ቅጣት ነው። እንኳንም እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ርቃ ትሄዳለች። ዩቲዩብ ላይ «ሰባት ቁጥር ዱላ ይህን ያህል ይሄዳል» የሚሉህ ብዙዎቹ ዝቅ ባለ አገር ለክተው ነው። አንተ በራስህ ሜዳ፣ በራስህ ዱላ ለካ። ከካዲህ ጋር አንድ ከሰዓት ወስዳችሁ የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት ደብተር ላይ ብትጽፉ፣ ኳስ እየደበደብክ ከምታመሸው አንድ ሳምንት ይልቅ ይጠቅምሃል።

«ሁሉም ነገር ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ነው» የሚሉህም ሳይኖሩ አይቀሩም። ግማሽ እውነት ነው። ማርክ ብሮዲ የተባሉት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እጅግ ብዙ ምቶችን አጥንተው፣ በጎበዝና በደካማ ተጫዋች መካከል ካለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከ100 ያርድ፣ ማለትም ከ90 ሜትር ገደማ ርቀው ከሚመቱ ኳሶች እንደሚመጣ አሳይተዋል። ስለዚህ ወደ ግሪን የምትመታውን ኳስ አትርሳ። ፓቱንም (ግሪኑ ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የምታንከባልልበትን ምት) ቢሆን ከራስህ የማይቻለውን አትጠብቅ። የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች እንኳ ከ2.4 ሜትር የሚያስገቡት ከሁለት አንዱን ያህል ነው። አንተ ከሦስት ሜትር ስትስት ዱላ መወርወር የለብህም። ያንተ ሥራ ከሩቅ የተመታችው ፓት ጉድጓዱ አጠገብ እንድትቆም ማድረግ ነው። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ፓት መምታትን ከቀነስክ ካርድህ ይለወጣል።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። በሚቀጥሉት ጥቂት ጨዋታዎች ከውጤትህ ጎን ሦስት ነገር ብቻ ምልክት አድርግ፦ የጠፋ ኳስ ወይም ቅጣት፣ ሦስት ፓት፣ ግሪኑ አጠገብ ሆነህ ያበላሸኸው አጭር ምት (ቺፕ)። ከዚያ የትኛው እንደበዛ እይ። ልምምድህ እሱ ላይ ይሁን። ግብህም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በአንድ ጨዋታ ቅጣት ከሁለት አይበልጥም።» ይህ በእጅህ ያለ ነገር ነው። ደግሞ ካዲህን ጠይቀው። በየጨዋታው ከጎንህ ነበር፤ የት የት እንደምታበላሽ ከአንተ በላይ ሳያውቅ አይቀርም።

አባትህም እንደዚያው። ደብዳቤህን ሳነብ አንድ ነገር ልብ አልኩ። እሳቸው የሚጠይቁህ «12 ገባህ ወይ?» ብለው አይደለም። «ዛሬ ስንት መታህ?» ነው የሚሉት። የካዲ ጥያቄ ነው። ስለዛሬው ቀን፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ኳሷ መስማት ነው የሚፈልጉት። አንተ የምትመልስላቸው ግን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ተሳስቼ ይሆን? እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ ካርዱን ይዘህላቸው ግባ። መጥፎውንም ቢሆን። ቡናው እስኪፈላ ከጎናቸው ተቀመጥና ከአንደኛው ጉድጓድ ጀምረህ አንድ በአንድ ንገራቸው። «እዚህ ጋ ነፋስ ነበር፤ ስድስት ቁጥር መታሁ፤ አጠረብኝ።» ምን ይሉህ ይሆን? ጤናቸው ከፈቀደ ደግሞ አንድ ማለዳ ይዘሃቸው ሂድ፤ አንዱ ግሪን አጠገብ ወንበር አዘጋጅላቸው። ስለ ቃልህም በግልጽ ንገራቸው፦ «አባባ፣ መስከረም አይደርስልኝም፤ ጊዜ ያስፈልገኛል።» አንድ ልጅ ለአባቱ ይህን ሲል የሚቀንስበት ነገር የለም። ስለተደበቁት ካርዶች መንገር አለመንገርን ለአንተ እተወዋለሁ። እኔ ብሆን እነግራቸው ነበር፤ ግን መጀመሪያ ካርዶቹን ካስገባሁ በኋላ ነው።

ባለቤትህ ያለችው ነገር ያሳስበኛል፤ አንተም «ልክ ናት» ብለህ አልፈኸዋል። አትለፈው። ሴት ልጅህ የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትፈተነው ክረምቱ ሲገባ ነው። ሜዳው የሚጨቀይበት ጊዜ፣ ቤትህ በጣም የሚፈልግህ ጊዜ ነው። ይህን ልብ ብለኸው ነበር? ከአሁን ጀምሮ ፈተናው እስኪያልቅ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተጫወት። ቅዳሜን ያዝ፤ ማለዳ ጀምረህ ለምሳ ቤት ድረስ። እሑድ የቤትህ ይሁን። ለሃንዲካፕ የ9 ጉድጓድ ካርድም ይቆጠራል፤ ጊዜ ባጠረህ ሳምንት ዘጠኙን ተጫውተህ ተመለስ። ባለቤትህንም ውሳኔህን ይዘህ አትንገራት፤ ጠይቃት፦ «ከእኔ የጎደለብሽ የትኛው ሰዓት ነው?» ምናልባት እሑድ አይሆን ይሆናል። ምናልባት ማታ ማታ፣ ልጅቷ ስታጠና አንተ አጠገቧ ሆነህ ሻይ የምታቀርብበት ሰዓት ይሆናል።

የሥራ ቀን ምሽቶችህን እስቲ እናስላቸው። 11 ሰዓት ከሰንጋ ተራ ወጥተህ፣ በሜክሲኮ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ አልፈህ ድሮው ኤርፖርት ስትደርስ ስንት ሰዓት ይቀርሃል? 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማል። በዚያች ጥቂት ጊዜ ተጣድፈህ ኳስ ስትደበድብ ነው ወገብህን ያገኘኸው። ተወው። መጀመሪያ ወገብህን ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ከፈቀደልህ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከሚሮጡት ጋር ተቀላቀል፤ ላንተ ቅርብ ነው፤ እግርህም ይጠነክራል። ማታ ደግሞ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጠህ ለጥቂት ደቂቃ ፓት ተለማመድ። ትንሹ ልጅህ ኳስ ቢያቀብልህ ጥሩ ነው። በሜዳችሁ የሚያስተምር ባለሙያ ካለ፣ ለሚቀጥለው ዱላ ያሰብከውን ገንዘብ ለእሱ ክፈል።

የቀሩት ጓደኞችህ ናቸው። «ስሜን ቀይሩት» ያልካቸው ሰዎች በቅዳሜው ጨዋታ አብረውህ ይኖራሉ። ቡና ስትጠጡ አንተው ቀድመህ አንሳው። ለምሳሌ እንዲህ በል፦ «ወገኖቼ፣ ወረቀት ላይ ያለው 19 ትክክል አልነበረም፤ ካርዶች አስቀርቼ ነበር፤ አሁን አስገብቻቸዋለሁ። መስከረምን ሰርዤዋለሁ። እስከ ጥር መጨረሻ ሃንዲካፔን 18 ለማስገባት ነው የያዝኩት።» ይሥቁብህ ይሆናል። ይሣቁ። ከመሃላቸው አንዱ «እኔም እኮ…» ቢልህ አልገረምም። አንድ ምሳ ግን ጋብዛቸው፤ ቃልህን አላደረስክማ።

ጥር ላይ ምን ላይ እንደደረስክ ጻፍልኝ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን እነዚያን ሦስት ምልክቶችም ላክልኝ፤ የትኛው እንደቀነሰ ማየት እፈልጋለሁ። ልጅህንም መልካም ፈተና በልልኝ።